የእትዬ ሜይ አራስ ቤት

ባለፈው ጥር ለቅሶ ልደርስ ሀደሮ ሄጄ ስመለስ በገበያው መሐል አቋረጥኩ። የዝንጅብል ወቅት ነው፤ ጭቃው ያልተራገፈ እርጥብ ዝንጅብል በጆንያ ላይ ተቆልሏል። አንዲት ነጋዴ ከክምሩ አንዱን አንስታ ሰበር አደረገችና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። «አሽትቺው እስቲ! ደስ ካላለሽ አትግዢኝ» አለች። አሸተትኩት፤ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ» አልኳት፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅርሯል። ምን ልበላት? የሀደሮ ዝንጅብል ሸቶኝ አንዲት የቻይና ሴት ትዝ አለችኝ ይባላል? ሦስት ኪሎ ገዝቼ ሄድኩ። ቤቴ ውስጥ ዝንጅብል የሚወድ አንድም ሰው የለም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሆሳዕና፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ስምንት ልጆች ነን፤ እኔ ሦስተኛዋ። ከሱቃችን ጀርባ ያለውን የቀበሌ ቤት ጋሽ መኮንን የሚባሉ የእርሻ ባለሙያ ተከራዩት። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ለትምህርት ቻይና ተልከው ሲመለሱ ሚስት ይዘው መጡ። ሜይ ትባላለች። እኛ ልጆቹ እትዬ ሜይ አልናት፤ ከተማው ግን አንዴ «ቻይናዋ»፣ አንዴ «ፈረንጇ» ይላታል። ለሆሳዕና ሰው ያን ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ ሁሉ ፈረንጅ ነው፤ ማንም ለይቶ አይጨነቅም።

ከእሷ ጋር ያገናኘኝ መሠረተ ትምህርት ነው። ቀበሌው ያልተማረ ሰው እንዳይቀር ብሎ ቤት ለቤት ሲመዘግብ እነ ጋሽ መኮንን ቤትም ደረሰ።

«ባለቤቴ እኮ ፋብሪካ ውስጥ የቴክኒክ ባለሙያ ነበረች» አሉ ጋሽ መኮንን።

«አማርኛ ታነባለች?» አለ መዝጋቢው።

«አታነብም።»

«እንግዲያው መሃይም ናት» ብሎ ጻፋት።

ሜይ ይህን ስትሰማ በሳቅ ሞተች ይባላል። መናገሩን ከባሏ ለምዳለች፤ ቀስ ትላለች እንጂ የምትለው ይገባል። ነፍሰ ጡር ስለነበረች ከሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚ ላይ ከምትቀመጥ ቤቷ ድረስ ሄዶ ፊደል የሚያስቆጥራት ተማሪ ተፈለገ። አባቴ «የእኛዋ አልማዝ ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው» ብሎ አሳልፎ ሰጠኝ። መጀመሪያ አኮረፍኩ። ከትምህርት ቤት መልስ ገመድ የምዘልበት ሰዓቴ ነበራ!

እትዬ ሜይ ደብተሩን በእርሳስ በትንንሽ ካሬ ትከፋፍልና እያንዳንዱን ፊደል ካሬው መሐል ታስቀምጣለች። የኔ «ሀ» ከመስመር መስመር ሲዘል የእሷ «ሀ» ግን ቤቱ ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው ይመስላል። እየጻፈች የተቆላ ሱፍ በፊት ጥርሷ ትፈለቅቃለች። ቅርፊቱን በአፏ ጥግ፣ ፍሬውን ወደ ውስጥ፤ እጇን እንኳ አታስገባም። እኛ ሱፍ ለጾም ፍትፍት ነው የምናውቀው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እኔም ተካንኩበት፤ እናቴ «የዶሮ ልጅ!» እያለች ታባርረኝ ጀመር።

ቻይና ማለት ለኔ ፔርሙዝ ነበር። በሱቃችን ከላይኛው መደርደሪያ አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙዝ ነበረ፤ ለሽያጭ ይሁን ለጌጥ አባቴም አያውቀውም። የሸራ ጫማችንም ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ ፔርሙዝና ጫማ እስከ ሌላ አገር የተረፈው ሕዝብ ምን ዓይነት ቤት ይኖረዋል ብዬ አስብ ነበር።

«አንድ ክፍል» አለች እትዬ ሜይ ስጠይቃት። «አባቴ፣ እናቴ፣ ሁለት ወንድሞቼ፣ እኔ። ወጥ ቤቱ ኮሪደር ላይ ነው፤ ለአራት ቤተሰብ። ማን ምን እንደሠራ ከሽታው እናውቃለን።»

«ፔርሙዝስ?»

«ሁለት አለን» ብላ ሳቀች።

ስኳር በኩፖን፣ ዘይት በኩፖን፣ ጨርቅ ሳይቀር በኩፖን ይታደል እንደነበረ ስትነግረኝማ ጭራሽ ቅር አለኝ። «እንደኛ ቀበሌ?» አልኩ። «እንደ እናንተ ቀበሌ» አለች። «አሁን ግን እየቀረ ነው። አሁን ገበሬው የራሱን ጎመን ራሱ ይሸጣል። ወንድሜ ቴሌቪዥን ገዛሁ ብሎ ጽፎልኛል።» ከፋብሪካ ሠራተኛው ሲለቀቅ መንገዱን ሳይክል ብቻ ይሞላዋል አለች፤ አህያ የለ፣ ፍየል የለ፣ ሳይክል ብቻ። ክረምት ሳይገባ ጥቅል ጎመን በጭነት መኪና ይመጣና ሁሉም ሰው ከደረጃው ሥር፣ ከመስኮቱ ሥር ይከምራል፤ ብርዱ እስኪያልፍ ያንን ነው የሚበላው። የዶዮገና ጥቅል ጎመን ተጭኖ በመንገዳችን ሲያልፍ በር ላይ ወጥታ ለምን እንደምታይ የገባኝ ያን ቀን ነው። እኔ ጎመን ያማራት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ «አሁን በእኛ ከተማ ለአንድ ቤት አንድ ልጅ ነው፤ መንግሥት ከዚያ በላይ አይፈቅድም» አለችኝ። አሰብኩት፤ አሰብኩት፤ አልገባኝም።

«ታዲያ ማንን ይልካሉ?» አልኳት። እኛ ቤት ጨው የሚላክ፣ ላምባ የሚላክ፣ ሕፃን የሚያዝል፣ ሁሉም ድርሻ አለው።

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔ ሦስት እፈልጋለሁ» አለች።

ይህን ሁሉ የሰማሁ ልጅ ዝም የምል መሰላችሁ? ቧንቧ ጋ ወረፋ ስንጠብቅ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ወሬዬ ሁሉ «ቻይና እኮ» ሆነ። የማላውቀውን ስጠየቅም አላውቅም አልልም፤ እጨምርበታለሁ። እትዬ ሜይ ባለሥዕል መጽሔት ነበራት፤ እዚያ ላይ ራሷን በቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ትራክተር ላይ ተቀምጣ በሙሉ ጥርሷ ትስቃለች። የቻይና ሴት ሁሉ እንዲያ ናት ብዬ ለክፍሉ ሁሉ አስተማርኩ።

ከዐቢይ ጾም በፊት ነው፤ ያንን ሥዕል እያየሁ «አንቺም ትራክተር ነድተሻል?» አልኳት።

«አልነዳሁም። ገጠር ግን ኖሬያለሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መንግሥት የከተማ ልጆችን ከገበሬ ተማሩ ብሎ ላከን።»

«ዘመቻ ነዋ! አጎቴም ዘምቶ ነበር!»

«የእኔ ስድስት ዓመት ነው» አለች። ጣቷ መጽሔቱ ጠርዝ ላይ ይመላለሳል። «በዚያ መንደር ሹ የምትባል ሴት ነበረች። ጠዋት ወለደች። ከሰዓት በኋላ ውኃ የሞላበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ገባች።»

«በዚያው ቀን?»

«በዚያው ቀን።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ትራክተሯን ሴት አየሁ። ጀግና! ልክ ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ከአጥሩ ወዲያ «አልማዝ! ቀበሌ ስኳር መጣ! እማዬ ሮጠሽ ሰልፍ ያዢ ብላሻለች!» ብሎ ጮኸ። ደብተሬን ትቼ በረርኩ። ታሪኩ አለማለቁን እንኳ ልብ አላልኩም።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት እትዬ ሜይ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። ጋሽ መኮንን ከመውለዷ አምስት ቀን በፊት ለመንደር ምስረታ ሥራ ወደ ገጠር ተልከዋል፤ እንቢ አይባልም። ቤቷ ስትመለስ ጠዋት ጠዋት ውኃ ከምትቀዳላት ልጅ በቀር ሰው አልነበራትም። ጎረቤቶቹ ሱቃችን ውስጥ ተሰብስበው ተማከሩ፤ እናቴ፣ የአስተማሪው ሚስት እትዬ ሙሉ፣ ደግሞም እማማ ኤልፌ። እማማ ኤልፌ የሀዲያ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩን አራስ ሁሉ ሆድ በቅቤ ያሹት እሳቸው ናቸው።

«ገንፎ ይዤ ብሄድ ትጸየፈኝ ይሆን?» አለች እትዬ ሙሉ።

«እኔም የቅቤው ሽታ እንዳያስታውካት ብዬ ፈራሁ» አለች እናቴ።

«ወልዳለች አይደል እንዴ? ምኑ ይጠየቃል?» አሉ እማማ ኤልፌ።

ያኔ ነው እኔ ከባንኮኒው ኋላ አፌን የከፈትኩት። ማን ጠየቀኝ? ማንም! ምን ቆርጦኝ እንደገባሁበት ዛሬም አላውቅም። «ቻይና ውስጥ አራስ የሚባል ነገር የለም» አልኩ። «ጠዋት ይወልዳሉ፣ ከሰዓት እርሻ ይገባሉ። ሰው ሲከባቸውም አይወዱም።»

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። «ማን አለሽ?» አለች እናቴ።

«ራሷ ናት የነገረችኝ!»

ውሸት አልነበረም እኮ፤ የመጀመሪያው ግማሽ። ሰው ሲከባቸው አይወዱም ያልኩትን ግን ነገሩ ሙሉ እንዲሆን ብዬ ከራሴ ጨመርኩት። እማማ ኤልፌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን እኔ ቻይና አዋቂ ነኝ፣ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ምን ይበሉ?

ስለዚህ ሦስት ጠርሙስ ቀዝቃዛ ለስላሳና አንድ ፓኮ ብስኩት ይዘው ሄዱ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። እትዬ ሜይ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ክፍተቱን በጋዜጣ ወትፋዋለች። እትዬ ሙሉ «ውይ፣ ፈረንጅ እኮ አየር ይወዳል!» ብላ ጋዜጣውን ነቅላ ወለል አድርጋ ከፈተችው። የአልጋው ጠርዝ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጡ፣ ሕፃኗን እሰይ እሰይ አሉ፣ «አናድክማት» ተባብለው ሳይቆዩ ወጡ። በማግስቱ እናቴ ተመልሳ «ምን ላምጣልሽ?» ስትላት «ምንም። ደህና ነኝ። አትድከሚ» አለቻት። ሌላ አራስ እንዲህ ብትል እናቴ በሞቴ፣ በልጆቼ ሞት ብላ ማንኪያውን አፏ ውስጥ ነበር የምትከተው። ፈረንጅ ግን አልፈልግም ካለች አልፈልግም ማለቷ ነው ብላ ተመለሰች።

በዘጠነኛው ቀን ደብተሬን ይዤ ትምህርታችንን ልንቀጥል ሄድኩ። እንዲህ ናት ጅልነቴ! ሕፃኗ ድምጿ እስኪዘጋ ታለቅሳለች። እትዬ ሜይ ራሷን በፎጣ ጠቅልላ ተኝታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ለስላሳዎቹ ሳይከፈቱ እንደተደረደሩ ናቸው። አልጋው አጠገብ ከቻይና ይዛው የመጣችው ቡናማ ሻንጣ ታስሮ ቆሟል።

«ወተት የለኝም» አለችኝ። «መኮንን ሲመጣ እሄዳለሁ። ልጄን ይዤ እናቴ ጋ እሄዳለሁ።»

«ለምን?» አልኩ።

ተነስታ ተቀመጠች። እያለቀሰች ቀስ ብላ ነገረችኝ። በአገሯ ሴት ስትወልድ ወር ሙሉ ከቤት አትወጣም። ንፋስ አይነካትም፣ ቀዝቃዛ ውኃ አትነካም። እናቷ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ዝንጅብል በስኳርና በእንቁላል ታፈላላታለች፣ የዶሮ ሾርባ ታጠጣታለች። ወተት የሚመጣው በዚያ ነው። ያንን ያላገኘች ሴት ዕድሜ ልኳን አጥንቷን ያማታል።

«ሹስ?» አልኩ።

«ሹ እናት የላትም፤ የባሏ እናትም ሞታለች። የሚቀመጥላት ሰው አልነበረም። ካልሠራች ደግሞ የእህል ድርሻዋ ይቀነሳል። ስለዚህ ማሳ ገባች። በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ልጇን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ነግሬሽ የለም?»

አልነገረችኝም። ስኳር ልሰለፍ ሮጬ ነበራ!

ከዚያ ጠየቀችኝ። ያንን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «አልማዝ፣ የእናንተ አገር አራስን አይጠይቅም? እንዲህ ነው የምትወልዱት፣ ብቻችሁን?»

እናቴ ስምንተኛውን ስትወልድ ቤታችን መቆሚያ አልነበረውም። የገንፎው ምንቸት ከእሳት አይወርድም፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ማንም ከፀሐይ የመጣ ሰው ላቡ ሳይደርቅ ወደ አራሷ አይገባም። ብቻዋን ለሽንት እንኳ አትወጣም ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን «እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው» ማለት አቃተኝ። ደብተሬን ጥዬ ቤቴ ሮጥኩ።

እናቴ ሱቅ ውስጥ ጨው እየመዘነች ነበር። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ስለ ሹ ታሪክም፣ ከራሴ ስለጨመርኩትም፣ ስለ ዘጠነኛው ቀንም። ስጨርስ እንደምትመታኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ጆሮዬንም በእጄ ሸፍኜ ነበር። አልመታችኝም። ጨውን ሚዛኑ ላይ እንዳለ ተወችው።

«አፈር በበላሁ! ዘጠኝ ቀን ሙሉ?» አለች። «ከቤቴ ጓሮ አራስ ተርባ!» ነጠላዋን ሳትለብስ ወጣች።

አቤት ያን ዕለት የተሮጠው ሩጫ! እማማ ኤልፌ ቅቤያቸውን በቅል ይዘው እየተሳደቡ መጡ፤ ስድቡ ለኔም ለእናቴም ነው። «እኔ ምን አልኩ? ወልዳለች ምኑ ይጠየቃል አላልኩም?» መስኮቱን ራሷ የከፈተችው እትዬ ሙሉ ራሷ ዘጋችው፤ ጋዜጣውንም መልሳ ወተፈችው። የቡላ ገንፎ ተገነፋ፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤው ሲቀልጥ ጾመኞቹ ሴቶች ፊታቸውን አዙረው ነው የሚያቀርቡላት። እትዬ ሜይ ግራ ገብቷት ከአንዷ ወደ አንዷ ታያለች።

«ደህና ነኝ፣ አትድከሙ» አለች አሁንም።

«በሞቴ!» አለች እናቴ። «እኔን አፈር ስሆን! አንዴ ብቻ!» ማንኪያው ገባ። ሁለተኛውም ገባ። በሦስተኛው እትዬ ሜይ ገንፎው አፏ ውስጥ እንዳለ አለቀሰች፤ እናቴም አብራ አለቀሰች።

ዝንጅብሉ ያለ ችግር ተገኘ። አክስቴ ሀደሮ እየወረደች ትነግድ ነበርና ያን ሳምንት ያመጣችውን ግማሽ ጆንያ እዚያው ቤት አራገፈችው። የስኳሩ ነገር ነው ያስቸገረው። የወሩ ራሽን ገና አልመጣም፤ ሱቃችንም ስኳር የለውም። ታዲያ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከጣሳዋ ጠርጋ፣ አንዷ በስኒ፣ አንዷ በወረቀት ጠቅልላ አመጣች። እማማ ኤልፌ ሆዷን እያሹ፣ እናቴ ዝንጅብሉን እየወቀጠች፣ እትዬ ሜይ ከአልጋዋ ሆና «ይፍላ፣ ገና ነው፣ ይፍላ» እያለች ታዝዛለች። ቤቱ ሁሉ ዝንጅብል ዝንጅብል ሸተተ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሕፃኗ ጠብታ ጠብታ አገኘች፤ በአራተኛው ቀን ጠግባ ተኛች። ጡቷን ለቅቃ ስትተኛ ሴቶቹ ሕፃኗ እንዳትነቃ በሹክሹክታ እልል አሉ። እልልታ በሹክሹክታ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ አንድም ቀን ባዶ አልሆነም። እኔ ግን አልሄድኩም። በአጥሩ ሽንቁር አያለሁ፤ ሻንጣው ከአልጋው አጠገብ እንደቆመ ነው። ጋሽ መኮንን ተመለሱ፤ ሻንጣው አሁንም አለ። ትሄዳለች፣ የምትሄደውም በኔ ነው እያልኩ ምግብ አስጠላኝ። እናቴን «ትሄዳለች እንዴ?» ስላት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቻይና አዋቂዋ አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። ይገባኛል።

በሠላሳኛው ቀን እትዬ ሜይ ሰፈሩን ጠራች። በአገሯ ወሩ ሲሞላ ቀይ እንቁላል ይታደላል። ቀይ ቀለም ስላጣች እንቁላሎቹን በቀይ ሥር ቀቅላቸዋለች፤ ጣቶቿ ሁሉ ቀልተዋል። ለእያንዳንዷ ሴት በሁለት እጇ ይዛ ሰጠች። ጉዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ጾሙ አልተፈታም! ሴቶቹ እንቁላሉን ይዘው ተያዩ። ጾም የማይመለከታቸው እማማ ኤልፌ ብቻ እዚያው ልጠው ዋጥ አደረጉና «በጾም ይበልጥ ይጣፍጣል» ብለው ሌሎቹን አበሸቁ። እናቴ የራሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ «ለፋሲካ መግደፊያዬ ነው» አለች፤ ሁሉም እንደዚያው ቋጠሩ።

ሁሉም ሲወጡ እኔ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ሜይ ጠራችኝ። እንቁላል ሰጠችኝ፤ ገና ትኩስ ነበር። እጄ ላይ ይዤው መሬት መሬት እያየሁ «እትዬ ሜይ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። «አራስ አይጠየቅም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እናትሽ ያን ቀን ነገረችኝ።»

«ታዲያ ልትሄጂ ነው?»

ሕፃኗን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ሻንጣውን ወደኔ ገፋችው። «ነይ ፍቺልኝ። የኔ እጅ ተይዟል» አለች።

እንቁላሉን ኪሴ ከተትኩና ገመዱን ፈታሁ። የታጠፉ ልብሶች፣ ባለሥዕሉ መጽሔት፣ የእናቷ ደብዳቤዎች፣ ካሬ ካሬ የተሰመረው ደብተራችን። አንድ በአንድ እያወጣሁ መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው። ባዶ ሲሆን አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፋ አነጠፈችበትና ሕፃኗን አስተኛቻት። ልክክ አለ። ክዳኑን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቁጭ አልኩ።

«አሁን» አለች እትዬ ሜይ የተቆላ ሱፏን እየዘረጋችልኝ፣ «የሹን ታሪክ ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ። ሳያልቅ አትነሺም።»

እናቴ ከሱቁ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፤ አልተነሳሁም።